የማን ልጅ ነሽ?

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። አስተርጓሚ አልፈልግም ብያቸው ነበር። ሲያትል ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ቀን ሙሉ አዛውንቶች ስጦርም የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ክሊኒኩ ግን መዝገቤ ላይ «አማርኛ» የሚል ስላየ አሻፈረኝ አለ። ሐኪሟ ትናገራለች፣ ከዚያ መልኩን የማላየው አንድ ሰውዬ በስልክ ይተረጉማል። የእኔ ደም ኔጌቲቭ፣ የባለቤቴ ፖዘቲቭ መሆኑን ነገረኝ፤ እሱን ከሐኪሟም ሰምቼዋለሁ። ከዚያ እሷ አንድ የማላውቀው ረጅም ቃል ተናገረች። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ ሾተላይ አለብሽ እያሉሽ ነው» አለኝ።

እጄ ሳላዘው ሆዴ ላይ ሄደ።

«ምን አልክ?»

«ሾተላይ። ይቅርታ እህቴ፣ በአማርኛ ሌላ ስም የለውም። እኔ አላወጣሁትም።»

ሐኪሟ ፊቴን አይታ ምን ብሎሽ ነው አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ትንሽ ነገር ነው፣ መርፌ አለው፣ አንዱን አሁን አንዱን ስትወልጂ ትወጊያለሽ፣ በቃ ነው ያለችው እሷ። ሰውዬውም በትክክል ተርጉሟል። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ ያንኑ ይላል። አገር ቤት ያሉ ሐኪሞችም ያንኑ ይላሉ። እኔ ግን ያደግሁበት ቤት ውስጥ ሾተላይ የበሽታ ስም አልነበረም። ሴት ነበረች።

እናቴ ስሟን አፏ ውስጥ አታስገባም፤ «እሷ» ነው የምትላት። ክታብ የሚጽፈው ደብተራ ውርዝልያ ይላታል። የአራስ ቤት ሽታ ተከትላ ትመጣለች፣ በር ላይ ትቆማለች፣ እናትየዋ ልጄ ስትል ሰምታ የትኛው እንደሆነ ታውቅና ትወስደዋለች። ሕፃኑ ቀን በቀን ብጫ እየሆነ ይሄዳል። እናቴ ይህን በዓይኗ ያየችው ነገር ነበር። የመጀመሪያው ፅንስ ወረደ፤ ከዚያ ሦስት ልጆች ተወልደው፣ ሦስቱም ብጫ ሆነው፣ አንዳቸውም ክርስትና ሳይደርሱ ሞቱ። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

እኔን ገና ጡት ሳታቀምሰኝ ሸጠችኝ። ዋጋዬ አንድ ቁና ባቄላ ነው። የገዛችኝ ደሴ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራት ሙስሊም ጎረቤታችን ነበረች። ነገሩ ሲታሰብ ብልህነት አለበት፤ ክርስቲያን ቤት የመጣች ጠላት የሙስሊም ልጅ ምን ያደርግላታል? ባቄላው ተቀቅሎ መንደሩ በላውና ሽያጩ ጸደቀ። ያደግሁት ግን እናቴ ቤት ነው፤ የምተኛውም እዚያው ነው። ጎረቤታችንን እማዬ አልኳት። እናቴን እትዬ አልኳት።

እሱስ ይሁን፣ የባሰው «አንቱ» ነው። ልጅ እናቱን አንቺ ይላል። ያኮርፋታል፣ ይጨቃጨቃታል፣ አንቺ ደግሞ ይላታል። እኔ አንቺ እያልኩ የምጨቃጨቀው ከጎረቤታችን ጋር ነበር። እናቴን እንደ ባዳ ሴት «እትዬ፣ ውሃ ልስጥዎት?» ነበር የምላት። እሷም «አንቺ ልጅ» ትለኛለች። ሌሊት እየተነሳች እግሬን ትሸፍናለች፤ ነቅቼ ካየኋት «የሰው ልጅ ብርድ መታኝ ብላ እንዳታሰድበኝ» ትላለች።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት ታቆመኝና ውጭ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ትጠይቀኛለች።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የጎረቤት!»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እሳት ልጭር መጥቼ!»

እንግዳው በሳቅ ይወድቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ጎበዝ ተዋናይ ነበርኩ። እናቴ አትስቅም። እናቴ በሩን ነው የምታየው።

እንዲህ ሆኜ አድጌ፣ አግብቼ፣ ከዕድሜዬም ጥቂት ዘግይቼ ሌክ ሲቲ በምትባለው ሰፈር፣ ከትልቁ መንገድ ዳር ባለች አፓርታማ ውስጥ አረገዝኩ። እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ የአጥሚት እህል፣ የተነጠረ ቅቤና ለአንገቴ የሚሆን በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበር። ቢላዋ ግን ይዛ አልመጣችም፤ የአውሮፕላኑ ሰዎች እንዳይቀሟት ፈርታ። ስለዚህ በገባች ቀን ማታ የእኔን የሽንኩርት ቢላዋ ከመሳቢያ አውጥታ ትራሴ ሥር አስቀመጠችው። ብረት ትፈራለች፣ እሷ።

ባለቤቴ ጴንጤ ነው። ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ እሑድ እሑድ ሊንውድ ቸርች ይሄዳል፣ ቀልድ ይወዳል። ቢላዋውን አይቶ «እማማ፣ በኢየሱስ ስም እንኳን እሷ አያቷም ድርሽ አትልም፤ ሶ፣ ቢላዋው ለሰላጣ ይመለስልን» አላት። እናቴ እየሳቀች ጥፊ ቃጣችበት። እማማ አላት፣ በመጣች ማግስት፣ እንደዋዛ። ቀናሁ። በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ሆዴ፣ በባሌ ቀናሁ።

የሕንፃችን የልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። እዚያ ነው እናቴ ብቸኛ ጓደኛዋን ያገኘችው። አንደኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አይሁዳዊት ናቸው፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው ልብሱ እስኪደርቅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይተያያሉ፣ ፈገግ ይባባላሉ፣ አንዷ ለሌላዋ ፎጣ ታጥፋለች። አንድ ቀን እኔም አብሬ ብወርድ አሮጊቷ አንገቴ ላይ ያለውን ክታብ ጠቁመው ምንድን ነው አሉኝ። ሕፃን ከምትወስድ ሴት ሰይጣን የሚጠብቅ ነው አልኳቸው፣ ትንሽ አፍሬ።

«እንዴ! ሊሊት ናታ!» አሉ፣ የሩቅ ዘመዳቸውን የጠራሁባቸው ይመስል።

ሴት አያታቸው ያወሯቸውን አወሩኝ። ሊሊት ከሔዋን በፊት የአዳም ሚስት ነበረች አሉ። ከአንድ አፈር ነው የተሠራነው፣ ለአንተ አልገዛም ብላ ጥላው ሄደች። ከዚያ ወዲህ የሰው ሕፃን ትለቅማለች። ለባል አልገዛም ያለች ሴት መጨረሻዋ ልጅ በላ መባል ሆነ ብዬ በልቤ ተናደድኩ። በአያታቸው ዘመን አራስ ቤት ግድግዳ ላይ የመላእክት ስም ጽፈው ይሰቅሉ ነበር፣ ሕፃኑ እጅ ላይ ቀይ ክር ያስሩ ነበር።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«እትዬ፣ እኛም ጋ አለች ነው የሚሉት።»

እናቴ ዞር ብላ የምድር ቤቱን በር አየች። «እዚህም ደርሳለች?»

አሮጊቷ ቀጠሉ። ታላቅ ወንድማቸው ሲወለድ ከፊቱ የነበሩት ሞተው ስለነበር ለጎረቤት ሸጡት። ስሙንም ሰወሩና ከአልጋው ጀምሮ «ሽማግሌው» ብለው ጠሩት፤ ሞት ሕፃን ሲፈልግ ሽማግሌ አግኝቶ እንዲመለስ። ታዲያ ሊያገባ ሲል፣ የሠርጉ ዕለት፣ እናታቸው አንድ የሰባ ዶሮ ይዘው ሄደው ከጎረቤቲቱ መልሰው ገዙት። ከዚያ በኋላ ልጄ አሉት፣ በአደባባይ።

ይህን ቶሎ አልተረጎምኩም። ማድረቂያው ይዞራል፣ እናቴ ዓይን ዓይኔን ታያለች። በመጨረሻ ነገርኳት። የምታጥፈው ፎጣ ጉልበቷ ላይ ቀረ።

«መልሶ መግዛት አለ?» አለች።

ቤት እንደገባን ወንበር ላይ ሳልቀመጥ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ እኔን ለምን መልሰው አልገዙኝም?»

«የገዛችሽ ሞታለች። ከማን ልግዛሽ?»

«እታች ካገኟቸው ጓደኛዎ ይግዙኝ፤ አሁን ካሉት ጎረቤት። ጎረቤት ጎረቤት ነው።»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «እስክትወልጂ ነው። እሷ ሴትን ወልዳ ታቅፋ እስክታያት አትለቃትም። ሴት ናት ካሉሽ፣ ልጅሽ ሰማንያ ቀን ይሙላት። ያኔ ባቄላውን እኔው እቀቅላለሁ። ለአሮጊቷ እሰጥና እወስድሻለሁ።»

በማግስቱ ባቄላ ገዛሁ። አሁን ሲታሰበኝ ያስቀኛል፤ እርጉዝ ሴት ስንት የሚገዛ ነገር እያለባት፣ የሕፃን አልጋ ሳይገጣጠም፣ ባቄላ ፍለጋ በመኪና ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከዳይፐሩ ጎን አስቀመጥኩት። በሩን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ደህና፣ ጯሂ፣ ቀይ እንጂ ብጫ ያልሆነች። እናቴ ጥግ ካለው ወንበር ሳትነሳ ፊቷን፣ ዓይኗን፣ የእግሯን መዳፍ ስታይ ዋለች። በማግስቱ ነርሷ ሁለተኛውን መርፌ ይዛ መጣች።

«ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«የሾተላይ ነው፣ እትዬ።»

ደክሞኛል፣ ስፌት አለብኝ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ አፌ ያገኘውን ቃል ተናገረ። ቫይታሚን ነው ማለት ነበረብሽ የሚሉኝ አሉ። እነሱ ወልደው ይዩት።

«መርፌ አላት?» አለች እናቴ።

«አላት።»

ነርሷ ፕላስተሩን ለጥፋ፣ ፈገግ ብላ ወጣች። እናቴ የተዘጋውን በር ስታይ ቆየች። «በቃ? ይኼው ነው?»

ቤት ከገባን በኋላ ቀስ እያለች ጠየቀችኝ፤ አጥሚት እያማሰለች፣ ገንዳ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። መርፌው ምኗን ነው የሚያባርረው? የሚያባርረው ነገር የለም፣ እትዬ፤ ደም ነው አልኳት። የእናትየውና የልጁ ደም ሳይስማማ ሲቀር የእናትየው ደም ልጁን ባዕድ ነው ብሎ ያጠቃዋል፤ መርፌው ይህን ይከለክላል። ማማሰሉን አቆመች።

«የእናትየው ደም?»

«አዎ።»

«እሷ የለችበትም?»

«የለችበትም። ኖራም አታውቅም።»

ማማሰያውን ከድስቱ አውጥታ አስቀመጠች። «እንግዲያ እኔ ነኝ» አለች።

እርስዎ አይደሉም አልኳት። ደም ሐሳብ የለውም፣ ክፋት የለውም አልኳት። ባለቤቴም ከሥራ ሲገባ ቁጭ ብሎ በወረቀት ላይ እየሣለ ሊያስረዳት ሞከረ። አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እሺ ትላለች፣ ገብቶኛል ትላለች። ገብቷታልም። ዕድሜዋን ሙሉ የጠላቻት፣ በር በሩን ያየችባት፣ ቢላዋ ያዘጋጀችላት ሴት ስትፈለግ እናቴ ራሷ ሆነች። በማን እንደምናደድ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንዳንዴ በቋንቋችን ነው የምናደደው፤ ለሰይጣንና ለደም አንድ ስም ይሰጣል?

በዚያው ማታ ቢላዋውን ከትራሴ ሥር አወጣችና አጥባ ወደ መሳቢያው መለሰችው። መጀመሪያ የቀለደባት ባለቤቴ አሁን አልቀለደም። ከዚያ ወዲህ ሕፃኗን አላቀፈችም። ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ገላዬን በሙቅ ውሃ ታሸኛለች፤ ልጅቷን ስሰጣት ግን «እጄ እርጥብ ነው» ትላለች። እጇ ደረቅ ሆኖ እያየሁት።

ሰማንያው ደረሰ። ከዋዜማው ባቄላውን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ሳህኑ ፊት ቆማ አገኘኋት። ባቄላው አብጦ ውሃውን ጠጥቶታል።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«እትዬ፣ ሰማንያዋ ነው ዛሬ። አሮጊቷም እየጠበቁን ነው፤ ነግሬያቸዋለሁ።»

ባቄላውን በጣቷ ነካ አደረገች። ከዚያ ሳታየኝ ተናገረች። «ከእሷ የደበቅሁሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ከራሴ ነው የደበቅሁሽ። እዚያው እንደተሸጥሽ ብትቀሪ ይሻልሻል።»

ለመንኳት። አለቀስኩ። ያ ሁሉ ውሸት ነበር፣ ማንም ከማንም አልገዛኝም፣ እኔ መቼም የርስዎ ነኝ እያልኩ በአንቱ ለመንኳት። በአንቱ የሚለመን ነገር አይደለም ይሄ፤ ግን አንቺ ለማለት ምላሴ አልታዘዘልኝም። ባቄላውን ቀቀለችው፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ለእራት አቀረበችው። ባለቤቴ ምንም ሳያውቅ ጣፍጦት በላ።

ቪዛዋ ወራት እየቀረው ሄደች። ኤርፖርት ባለቤቴን አቅፋ «አደራህን፣ ልጄ» አለችው። እኔን ግንባሬን ሳመችና «በርቺ» አለችኝ። መኪናው ውስጥ እስክገባ ነው የቻልኩት።

ልጄን ልጄ እላታለሁ። ሱቅ ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ፣ እየጮህኩ ልጄ እላታለሁ፤ አፍራ በእንግሊዝኛ «አውቃለሁ እኮ» እስክትለኝ። አሁን አራት ዓመቷ ነው። በቅርቡ ሁለተኛ አረገዝኩና ያው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ሌላ ናት፣ ስልኩን እንኳ አላመጣችም። ስለ መርፌው ስታስረዳኝ፣ እስከዚያ ቀን ማንንም ያልጠየቅሁትን ጠየቅኳት። እናቴ መርፌ አልነበራትም። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሦስቱም ሞቱ። እኔ እንዴት ተረፍኩ?

መዝገቤን አየች። በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም ይመስለኛል አለች። ወንድሞችሽና እህቶችሽ የአባታችሁን ዓይነት ደም ይዘው ሳይሆን አይቀርም፤ የእናታችሁ ሰውነት ባዕድ ናቸው አላቸው። አንቺ ግን ደምሽ እንደ እናትሽ ደም ኔጌቲቭ ነው። ሰውነቷ ሲያይሽ የራሱ መስለሽዋል። ለዚህ ነው ያልነካሽ።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ሳይነሳ ስልኬን አወጣሁ። ልጄ ከኋላ ወንበሯ ላይ ታስራ ብስኩት ትበላለች። እናቴ ግማሽ ጎኗን ይዟት አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታለች፤ ምላሷም ተሳስሯል። የምታስታምማት የአክስቴ ልጅ ናት። ስልኩን ስታነሳ እናቴ ጆሮ ላይ አድርጊላት አልኳት፣ አደረገችላት።

«እትዬ፣ ይስሙኝ። የተረፍኩት ስለሸጡኝ አይደለም። ደሜ የርስዎ ደም ስለሆነ ነው። ሰውነትዎ አይቶኝ ይቺ የኔ ናት አለ። ከጅምሩ። ሐኪሟ ናት አሁን የነገረችኝ።»

ምንም የለም። ትንፋሽ ብቻ።

«እየሰማችሽ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ ከሩቅ፤ «ዓይኗን ከፍታለች።»

ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ የተንሻፈፈ፣ ቀስ ያለ፣ ግን ያው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ደሴ፣ በሩ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ ሕይወቴን ሙሉ አጥንቼዋለሁ።

«ያንቺ» አልኳት። «ያንቺ ነኝ፣ እማዬ።»

ትንፋሽዋ ቆመ፣ ተመለሰ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማት የምትፈልግ ሰው በምትናገርበት ድምፅ፣ በሹክሹክታ፦

«ዝም በይ። ትሰማሻለች።»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ተኝታለች አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም ቃል አልተናገረችም፤ በሳምንቱ አረፈች። ሐኪሞች ለፅንሱ ፈርተው በረራ ከልክለውኝ አልቀበርኳትም። ደሙን ሁሉ አስረድቻት፣ እሷ ያቺን ሴት መልሳ አመጣቻት፤ እኔን ለመጠበቅ። እስከ መጨረሻው በር በሩን እያየችልኝ ነበር።

ያን ቀን ግን ይህን ገና አላወቅሁም። ስልኩን እንደያዝኩ መሪው ላይ ተደፍቻለሁ። ድምፁ ተከፍቶ ስለነበር ልጄ ሰምታለች። ብስኩቷን ትታ በእንግሊዝኛዋ ማናት የምትሰማን አለችኝ።

«ማንም የለም፣ ልጄ» አልኳት። የመኪናውን በሮች ግን ቆለፍኩ።